በሩ ላይ የተጋደመው እንጨት

"እማማ... እኔ አልነካሁትም!"

ኮከቤ ሁለት እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውስ ቀስት ግን ብቻዋን ትሄዳለች... ቆም ትላለች... ደግሞ ትሄዳለች።

አማቷ እማማ ተሾመች አማተቡ።

"በስመ አብ! የሰፈረበት ነገር አለ! የጠበሉን ጠርሙስ አቀብዪኝ!"

"ኧረ እማማ፣ ውሃ ከነካው ይቃጠላል!"

"ይቃጠላ! የሰፈረበትም አብሮ ይቃጠል!"

"ወዳጆ ይሆናል..." አለች ኮከቤ።

ባሏ ወዳጆ ሥራው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ወደ መንደራቸው ቀየት ሲመጣ፣ እዚያው ሆኖ የቤቱን ኮምፒውተር በኢንተርኔት መክፈት እንዲችል አስተካክሎት ነበር የሄደው።

"የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?" ብላው ነበር።

"ስሜ ነዋ።"

"ስምህንማ ማን ያጣዋል?"

"አንቺ ደግሞ! ቀየት ድረስ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?" ብሎ ሳቀባት።

አሁን ደወለችለት።

"ወዳጆ... አንተ ነህ አይደል የምትነካካው?"

"ምኑን?"

"ኮምፒውተሩን!"

"ኧረ እኔ ባጃጅ ላይ ነኝ!"

ኮከቤ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ቀስቷ ሄዳ ሄዳ "ይሥሐቅ" የሚል ፎልደር ላይ ቆመች።

ይሥሐቅ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው... አምና ታሞ ተለያቸው። ፎቶዎቹ የነበሩበት ስልክም ተበላሽቷል። የቀራቸው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

"እሱን አትንካ... እባክህ፣ ሌላውን ውሰድ..." አለች፣ ሰው ፊቷ የቆመ ይመስል።

ፎቶው ተከፈተ።

ይሥሐቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከኋላው በሩ ላይ እንጨት ተጋድሟል።

የእማማ ተሾመች እንጨት ናት። ገበያ ሲሄዱ በር አይቆልፉም፤ እሷን አጋድመው ይወጣሉ። ያየ ሁሉ "ሰው የለም" ብሎ ይመለሳል እንጂ የሚሻገር የለም።

ቀስቷ እዚያው ደርቃ ቀረች።

እማማ ተሾመች የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ሊነቅሉ ጎንበስ ሲሉ ነጭ ገጽ ተከፈተ... ፊደል በፊደል ይጻፍበት ጀመር። ኮከቤ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"እውነቱን ልንገራችሁ... ሌባ ነኝ። የሚረባውን ወስጄ የቀረውን አጥፍቼ ልወጣ ነበር።

እናቴም ገበያ ስትሄድ በሩን እንዲህ ነበር የምትዘጋው። እንዲህ ያለ እንጨት ተሻግሬ አላውቅም።

ምንም አልወሰድኩም። የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩት። ከእኔ በኋላ የሚመጣው አገራችንን አያውቅም።"

ከዚያ ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ኮከቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አየሽ? እንጨቴ ቤቱን ጠበቀችው!" አሉ እማማ ተሾመች።

"ጠበቀችን እማማ... ግን የጠበቀችን ከሚያውቃት ሌባ ነው።"

ወዳጆ በማግሥቱ መጣ። ያን ቀን አልሳቀም። መጀመሪያ የልጁን ፎቶዎች ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀየረ... ለእናቱ እንኳ አልነገራቸውም።

ትምህርቱ 👇

በአገራችን በር የሚጠብቀው ይሉኝታ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ጎረቤት አይደለም... ይሉኝታም ይዞ አይመጣም።

እናንተስ ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ቁልፍ ነው... ወይስ እንጨት?

ደግሞስ... ያንን ሌባ ብታገኙት ታመሰግኑታላችሁ ወይስ ትረግሙታላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።