ቀርፋፎቹ ይቅደሙ

«ጭልፊቷን አስገባት ብዬሃለሁ፣ ጋሼ! ስድስት ቀርፋፋ ሰብስበህ ልትገባ ነው? ይሄ ቡድን ነው ወይስ የጡረተኞች ማኅበር?»

ወንድሟ አልሳቀም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጁን በግራው አፍኖ ይዞ፣ በስልክ ጨዋታው የሚያሰልፋቸውን አውሬዎች ይመርጣል። የተቀመጡት በእሱ ፀጉር ቤት፣ ደንበኞች ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ነው። ተራ የሚጠብቅ ግን የለም። ባለፈው ወር ምላጩ ስቶት የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ካደማ ወዲህ ሰፈሩ እንዳለ ወደ ማዶው ፀጉር ቤት ዞሯል። እሱ ግን ይኸው በየጠዋቱ ይከፍታል፣ ፎጣ ያጥባል፣ መቀሶቹን በተርታ ይደረድራል። የራሱ ጢም አድጎ አድጎ ከጫካ የወጣ መስሏል። «ማዶ ሄደህ ተላጭ» ስትለው «እጄ ሲመለስ ራሴ እላጨዋለሁ» ይላታል። እጁ የት ሄዶ ነው የሚመለሰው? ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግረው እሷም አብራው ነበረች።

ጨዋታውን ያስለመደችው እሷ ናት፤ ጣቶቹን ያፍታታለታል ብላ። ስድስት አውሬ ይዘህ ትገባለህ፤ በየዙሩ ምን እንደሚያደርጉ ታዛለህ፤ ፈጣኑ ቀድሞ ይመታል። ሰው ሁሉ የሚፈጥን የሚፈጥነውን ሲሰበስብ፣ እሱ ጉማሬውን ያገኘ ዕለት ልቡ ጠፋ። ጉማሬው «ግልብጥ» የሚባል ድግምት አለው፦ ለጥቂት ዙር ሥርዓቱ ይገለበጥና ቀርፋፋው ቀዳሚ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዔሊው፣ ቋጥኙ፣ ቀንድ አውጣው፣ የተንቀራፈፈ ነገር ሁሉ ዘመዱ ሆነ። ለምን እንደሆነ አልጠፋትም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ደንበኛ አለቀ! ጉማሬው አፉን ሳይከፍት ቢጥሉትስ? የሚመታ አለህ፣ የሚመክት አለህ፣ የሚያክምም አለህ። አንድ እንኳ የሚፈጥን ይኑርህ። ሚዛን ይኑረው ነው የምልህ።»

«እሺ፣ ላንቺ ስል።» ጭልፊቷ ገባች። «ግን ዛሬ ካሸነፍኩ፣ ሱቁን ዝጋ የሚለውን ንዝንዝሽን ትተዪኛለሽ።»

«ብትሸነፍስ?»

«አልሸነፍም።»

«ብትሸነፍስ አልኩህ?»

«እዘጋዋለሁ። በቃሽ?»

በቃት። ሌላ ሰው ሳያደማ እንዲዘጋው ስትለምነው ነው የከረመችው። አምላክ ይቅር ይበላትና፣ ግጥሚያው ሲጀመር እንዲሸነፍ ተመኘች።

ባላጋራው ፊቱ አይታይም፤ ስሙን «መብረቅ» ብሎ ጽፏል፤ አውሬዎቹም እንደ ስሙ ናቸው። ገና ከመግባታቸው ጉማሬው ላይ ሊወርዱበት ሲሉ ጭልፊቷ ቀድማ ዓይናቸውን በአቧራ ሞላችው። ያን ጊዜ ጉማሬው አፉን ከፈተና ሜዳው ግልብጥ አለ።

«አየህ? ማን ነው አስገባት ያለህ?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!» አለ ወንድሟ፣ ለባላጋራው ነው።

ቋጥኙ አንዱን ደፈጠጠው፤ ቀንድ አውጣው ሌላውን አንቆ ጣለው። ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ እሱ አውራ ጣቱን በግራ እጁ እየመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እየነካ ያልፋል። ፊቱ በርቷል። ሰው ጭንቅላት ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የነበረው ያ ፊት ነው፤ ካየችው ስንት ጊዜዋ! ምኞቷን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አሸንፍ፣ በናትህ አሸንፍ እያለች ክንዱን ጨበጠችው።

ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቀረ፤ ከዚያ የቆሰለ አንድ፣ ከዚህ ዔሊው። የድግምቱ የመጨረሻ ዙር ነው። በዚህ ዙር ዔሊው ይቀድማል፤ ከታች ያለውን «ድቆሳ» የሚለውን ከነካ አለቀ።

እጁ ግን ደስታም አይችልም። መንቀጥቀጡ እስከ ክርኑ ወጣ። ጣቱ ስቶ የስልኩን ጫፍ መታ፤ ደገመና ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ሰዓቱ ቀላ። እሷ እጇን ሰደደች።

«እንዳትነኪ!»

ሰበሰበችው። ሰዓቱም አለቀ።

ሰው ካልመረጠ ጨዋታው ራሱ የመጀመሪያውን መስመር፣ «መከታ» የሚለውን፣ ይመርጣል። ዔሊው ጭንቅላቱን ወደ ድንጋዩ ከተተ። ድግምቱ አበቃ፤ በሚቀጥለው ዙር የቆሰለው አውሬ ቀድሞ መጣና ዔሊውን በጀርባው ዘረረው።

«ተኝተህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጻፈ መብረቅ።

«ቡድኑ እኮ ምንም አልጎደለውም፣ ጋሼ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«አውቃለሁ። ቡድኑማ ሙሉ ነው።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ስልኩን አስቀመጠና ተነሳ። ከታጠፉት ጨርቆች አንዱን አንስቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላው ቆሞ የኖረበትን ወንበር ዞረና ተቀመጠበት። ጨርቁን ማጅራቱ ላይ ሊያስር ቢታገል ማሰሪያው እየሾለከ አስቸገረው። ሄዳ አሰረችለት።

«ምላጩ መሳቢያው ውስጥ ነው» አላት በመስታወቱ እያያት።

«እኔ እኮ ይዤው አላውቅም። ብቆርጥህስ?»

«ቀስ በያ። ማን ይቸኩልብሻል? ተራ የሚጠብቅ የለ።»

አረፋውን ቀባችው። ከጨርቁ ሥር፣ ጉልበቱ ላይ ያረፉት እጆቹ ጨርቁን ያርገበግቡታል። እስኪቆም ምላጩን ይዛ ጠበቀች። አልቆመም፤ ጀመረች።