ሳያስቡ መናገር

«በቅርቡ ከቤተሰብሽ ሰው ጋር ስላሳለፍሽው ጊዜ ንገሪኝ» ይለኛል ፈታኙ በእንግሊዝኛ። የድምፅ መቅጃውን ወደ እኔ ጠጋ ያደርገዋል።

እናቴ ከሞተች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተናው ቀን አይለወጥም አሉኝ። ሁለቴ ወድቄበታለሁ፣ ይሄ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ካላለፍኩ የሆስፒታሉ የነርስነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም ነርስነት ተምሬ እዚያው ሆስፒታል ወለል መወልወሌን እቀጥላለሁ።

ሁለቴም የጣለኝ አንድ ነገር ነው። ቃሉ አይጠፋኝም፣ ግን ከማይሄደው ቃል ጋር አጋባዋለሁ። «ቃላትሽ እርስ በርስ አይተዋወቁም» ብሎኝ ነበር ያለፈው ፈታኝ። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፖድካስት ማዳመጥ የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ስለ ሽርሽር፣ ስለ ምሳ፣ ስለ ዝናብ እየተሳሳቁ ያወራሉ፤ አብረው የሚሄዱትን ቃላት እየመረጡ ያስደግማሉ። «አታስቡ፣ አፋችሁ ይልመደው» ይላሉ።

የማጠናው እናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ማዳመጫ በእኔ ጆሮ፣ ሌላው በእሷ። እንግሊዝኛ የሚባል አታውቅም፤ እነሱ ሲስቁ ግን አብራ ትስቃለች።

«እነዚህ ባልና ሚስት ዛሬም አልተጣሉም?» ትለኛለች።

«ባልና ሚስት አይደሉም እኮ፣ እማዬ።»

«እሱማ ያስታውቃል። ባልና ሚስት መች እንዲህ ይሳሳቃል?»

ፈታኙ እየጠበቀኝ ነው። እናቴ ሞተች ልለው ነው። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት፣ እሷን አላጣትም። ከእሷ ወዲያ ያለው ነው የሌለኝ። ትንፋሿ እንዴት እንዳጠረ የሚገልጽ የነርስ ቃል ተምሬያለሁ፤ ያ ቃል ለበሽተኛ እንጂ ለእናት አይሆንም። እጇ እጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚባል ማንም አላስደገመኝም። በዚያ ፖድካስት ሰው አይሞትም።

አፌን እከፍታለሁ።

«ከእናቴ ጋር በጣም ደስ የሚል ጊዜ አሳለፍን» ይላል አፌ። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅነውም፣ ከሳቃችን ብዛት ማውራት አቃተን፣ ሁሌም የማስታውሰው ቀን ነበር። ቃላቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ፣ አንዱም አይሰናከልም። ማቆም እፈልጋለሁ። ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ ፈገግ ሲል አያለሁ፣ አላቆምም። በራሴ አፍራለሁ፣ ግን አላቆምም።

«እንደ ልብሽ ነው የምትናገሪው» ይለኛል፣ የመቅጃውን ቁልፍ እየተጫነ። «ደስ የሚሉ እናት ናቸው። ደህና ናቸው?»

«በጣም ደህና ናት፣ አመሰግናለሁ።»

ይህቺንም ደጋግመናታል። እናቴም ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ፣ ትራሷን ተደግፋ፣ አብራኝ ትላት ነበር። በጣም ደህና ናት፣ አመሰግናለሁ።

«እንግዲያው ሰላም በይልኝ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ቀና ብለው ፊቴን ያዩኛል። «እንዴት ነበር?» ትለኛለች አንዷ። ለእናቴ የተላከውን ሰላምታ ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ።