ዐሥራ አንድ ሴኮንድ

«እዩት እንግዲህ፤ ጥርት ያለ ነገር!» ይላል የቪዲዮ ስቱዲዮው ኤዲተር፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ።

ስክሪኑ ላይ እናቴ አለች። ከሞተች ስድስት ሳምንቷ ነው። ፊቷ ብቻ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ጉንጯ የሕፃን ጉንጭ ሆኗል፣ የግንባሯ መስመሮች አንድም አልቀሩ። የሰው ልብስ ስትሰፋ የጎበጠች ሴት ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠች ኮረዳ መስላለች።

«ይቺ እህቴ ናት?» ትላለች አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ። «ከእኔ አሳነሳችኋት እኮ! እስቲ እኔንም እዚያ ውስጥ ክተተኝ፣ ልጄ።»

ኤዲተሩ ይስቃል። «የማቀናበሪያ ፕሮግራሙ አዲሱ ቨርዥን ነው፣ እማማ። ራሱ ፊት ያቀርባል፣ ራሱ ድምፅ ያጠራል፣ ራሱ ይቆርጣል። እኔ አንድ ቁልፍ ነው የተጫንኩት።»

አንዷን ቁልፍ ለመጫን ሁለት ሳምንት አመላልሶኛል።

በስልኬ የቀረጽኩት ሰባት ደቂቃ ነበር። አሁን ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሆኗል። ነገ ቤታችን ለሚሰበሰበው ዘመድ የሚታየው ይኸው ነው። እሷ የምትናገርበት ሌላ ቪዲዮ የለንም።

የእኔ ድምፅ ይሰማል። «እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

እናቴ ከአፌ ቀበል አድርጋ፣ «የዚች ልጅ ቀሚስ እጅጌው ረዝሟል» ትላለች።

አክስቴን ሳቅ ያመልጣታል። እኔ «አቁመው» እላለሁ።

እናቴ እንዲህ አልመለሰችም። ቃሉ የእሷ ነው፤ ግን ቀበል አድርጋ አልነበረም። መመለስ የማትፈልገውን ሲጠይቋት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጥ ነበር። አባባ መቼ ነው የሚመጣው ስንላት ትረግጣለች። አንቺስ በላሽ ወይ ስንላት ትረግጣለች። መልሱ የርግጫው ርዝመት ነው፤ እኛ ልጆቿ አጭሩን ከረዥሙ ለይተን እናውቃለን። ያን ዕለት ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ረገጠች። በልቤ ቆጥሬዋለሁ።

«መኪናው የታለ?»

«የቱ መኪና?»

«የስፌት መኪናው ድምፅ።»

«እ፣ እሱማ ጫጫታ ነው» ይላል፣ ከልብሴ ላይ ጉድፍ ያነሳልኝ ይመስል ደስ ብሎት። «ንግግር ያልሰማበትን ቦታ ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ይቆርጠዋል።»

ባዶ ነው ብሎ። አርባ ዓመት ያበላንን ድምፅ እንደ ቆሻሻ ጠርጎ የሚጥል ዕቃ፣ የባለሙያ መሣሪያ ተብሎ ይሸጣል።

«መልሰው።»

ማውዙን ይዞ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ይደርቃል። ጭራሽ ይዘጋል። እንደገና ሲከፈት በትልልቅ ፊደል ሰላም ይለውና ዛሬ ምን ድንቅ ነገር እንፍጠር ብሎ ይጠይቀዋል። ውስጡ ግን የተጣራው ብቻ ነው ያለው። ቦታ ልቆጥብ ብሎ ዋናውን አጥፍቶ የራሱን ተክቶበታል። እኔም ስልኬ ቢሞላብኝ፣ ስቱዲዮ ካለ ምን አሳሰበኝ ብዬ ከስልኬ ሰርዤዋለሁ።

«ሳይጠይቅህ?» እላለሁ።

«የሆነች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ራሱ ፕሮግራሙ ምልክት አድርጎ ነበር፣ እህቴ። ድሮ ያልነበረች ሳጥን።» አንገቱን ያክካል። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሦስት ዓመት ሙሉ የምንጮኸው ረዥም ፋይል ስናስገባ አይድረቅብን ብለን ነው። ሠሪዎቹ ጉንጭ ማለስለሻ ላኩልን።»

«ሊኩሉ ሄደው ዓይን አጠፉ» ትላለች አክስቴ። አሁን አትስቅም።

ኤዲተሩ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። «የስፌት መኪና ድምፅ ከሆነ እኮ አለው! ስድስት ዓይነት።» እሺ ሳልለው አንዱን አምጥቶ ይለጥፋል። የፋብሪካ ሞተር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጉርርታ። ትንፋሽ የለው፣ እግር የለው።

«ይሄ የማን መኪና ነው?»

«የማንም አይደለም። ነፃ ነው።»

ስድብ አፌ ላይ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል።

«አክስቴ፣ ያን ዕለት ቪዲዮውን ልኬልሽ ነበር እኮ። ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት ብዬ።»

አክስቴ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እንደምን አደራችሁ የሚሉ የአበባ ሥዕሎችን አንድ በአንድ ወደ ላይ ትገፋለች። ብዛታቸው አያልቅም። «እኔ እንደሆነ መሰረዝ አላውቅ» ትላለች። ታገኘዋለች።

ኤዲተሩ አንገቱን አስግጎ ያይና ከንፈሩን ይመጥጣል። «ይሄማ ሲላክ ተጨምቋል። በትልቅ ስክሪን ፊቷ አይለይም። ስሜ ያለበት ሥራ ሆኖ ይሄን...»

«ስምህን አውጣው።»

ስልኩን የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ አስደግፌ እከፍተዋለሁ። እናቴ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሆናለች፤ ዓይኗና አፏ ተደባልቋል። ግን የቀረጽኩት ሁሉ አለ፤ ጠረጴዛው፣ መኪናው፣ ጭኗ ላይ የታጠፈው የልጅቷ ቀሚስ።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

ፔዳሉ ይነሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አክስቴ ክንዴን ትይዛለች። ያን ዕለት የማየው ፊቷን ብቻ ነበር። አሁን ፊቷ ስለማይለይ ዓይኔ ወደ እጇ ይወርዳል።

እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። መርፌው ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል። ከሥሩ ጨርቅ የለም።