የበሩ መቃን

ምስጥ መርማሪው የበሩን መቃን በአውራ ጣቱ ሲጫነው እንደ ረጠበ ካርቶን ሰረጎደ። ያቆመው ቀለሙ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሰው ጣሪያ ሥር ሲድህ ስለዋለ ጉልበቱ ዝሏል። ጉዳቱ የት ድረስ እንደዘለቀ በድምፁ ሊለይ መዶሻውን ሲያነሳ የቤቱ እመቤት እጁን ያዙት።

"እሱን አትምታው ልጄ" አሉት በሹክሹክታ። "ባለቤቴ ጓዳ ተኝቶ ያዳምጣል። አልጋ ላይ ከዋለ ቆየ እንጂ ይህን ቤት በእጁ ነው የሠራው። ደህናውን ምታና አንጀቱን አርስልኝ።"

መርማሪው የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም። ወደ መስኮቱ ዞረና ጤነኛውን እንጨት ሁለቴ መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

"ሰማህ ሽማግሌው?" አሉ ሴትዮዋ ጮክ ብለው። "በሩ ብረት ነው አሉ።"



"ይሄ መስኮቱ ነው" አሉ ሽማግሌው ከጓዳ በደከመ ድምፅ። "በሩማ ስትዘጊው ድምፁ ከተለወጠ ከርሟል። እንዳይወድቅብሽ ቀስ እያልሽ ዝጊው።"