የጎብኚ ቦታ

በመርከብ ሽርሽራችን ሁለተኛ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እኔ፣ አክስቴ የሺመቤት እና አስጎብኚያችን ናሆም ደሴቲቱ ላይ ወረድን። ደሴቲቱ እየሰመጠች ስለሆነ፣ አንድ ጎብኚ ሲወርድ አንድ ነዋሪ ለቆ በጀልባ ባሕር ላይ ይጠብቃል፤ ሕጉ ነው።

መንደሩ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን አየን። አክስቴ ለቅሶ አይታ አታልፍም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ተቀመጠች።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?» አለች።

«የእህቴ ልጅ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እናትየዋስ?»

ሽማግሌው በእጃቸው ወደ ጀልባዋ አመለከቱ። «እናንተ ስትወርዱ እሷና ባሏ ወጡ።»

አክስቴ ብድግ አለች። «አንተ ናሆም! ልጇን ያልቀበረች ሴት ለእኔ ሽርሽር ብለህ ባሕር ላይ ታስቀምጣለህ?»

«እማማ፣ ዕጣ ነው የወጣባቸው። ይልቅ ፎቶ እንነሳ።»

«ፎቶ? በሬሳ ፊት? አንተን እናት አልወለደችህም?»

«አሁን ከተመለሱ ሌላ ወደብ ላይ መውረድ አይፈቀድልዎትም።»

«ወደብህ ገደል ይግባ! ጀልባዋን ጥራ!»

እኔ ቦርሳዋን አንስቼ ተከተልኳት።

ጀልባዋ መጣች። እናትና አባት ወረዱ፣ እኛ ተሳፈርን። የቀሩትን ወደቦች ሁሉ ከመርከቡ ሳንወርድ አለፍናቸው።