ሦስት በር

ሴትየዋ የሟች ልጇን ዊልቸር እየገፋች ሆሳዕና ከተማ ካለው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግቢ ስትገባ፣ ዊልቸሩ ላይ የሕመምተኛ ፍራሽና በፌስታል የታሰሩ መጻሕፍት ጭናለች። የመጣችው ሁሉንም ለመመለስ ነው። ዊልቸሩን የሰጣት አንድ ድርጅት፣ ፍራሹን ሌላ፣ መጻሕፍቱን ደግሞ ሌላ ነው። «አሁንማ ሦስቱም ድርጅቶች አንድ ሕንጻ ገብተዋል፤ ከባጃጅ ተገላገልሽ» አላት ሽማግሌው ጥበቃ። «ሦስት በር ያው ሦስት በር ነው፣ አባባ» አለችው ተማርራ። ልጇ በታመመች ጊዜ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች፣ በየቢሮው ነገሩን ከሥሩ ስታስረዳ ኖራለች። ዛሬ ደግሞ «ሞታለች» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ልትል ነው።

በመጀመሪያው በር ልጇ መሞቷን ለጸሐፊዋ ነገረቻት። ጸሐፊዋ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የአቢጋኤል እናት» ብላ ዊልቸሩን ተቀበለችና የልጅቷን ፋይል ይዛ ወጣች። ሴትየዋ ፍራሹን በትከሻዋ፣ መጻሕፍቱን በእጇ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። «ደግሞ የት ሄደች? ነገ ተመለሺ ሊሉኝ ነው» አለች በልቧ። በንዴት ሁለተኛውን በር አንኳኳችና ገና ሳይከፈትላት «ልጄ...» ብላ ጀመረች።

የከፈተላት ሰውዬ አላስጨረሳትም። «ጸሐፊዋ ነግራናለች። አሁን ፋይሉ የሦስታችንም ቢሮዎች የጋራ ነው» አለና ፍራሹን ከትከሻዋ አወረደላት። ከሦስተኛው ቢሮ ሁለት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ይዘው መጡ፤ መጻሕፍቱን ተቀብለው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው መሐል አስቀምጠዋት ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

«አቢጋኤል ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር» አለች ሴትየዋ።