መኪና ሲባል

ኮች ሎርን የመጨረሻዋን ቀይ ማልያ ከጀርባው ደብቋል። የደበቀ መስሎታል እንጂ አንዱ እጅጌዋ በጎኑ ወጥቶ ይታያል።

«ካናዳ ስንት የበረዶ ወቅት ኖረሻል?» ይላል።

«ፓስፖርት አለኝ» ትላለች ቴሳ።

«ፓስፖርት አውሮፕላን ለመሳፈር ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ካናዳ ውስጥ ስንቴ በረዶ ጠርገሻል ነው።»

«አባቴ የሚወስደኝ ሁሌ በኦገስት ነው። በኦገስት ሙቀት በረዶ ካልጣለ ጥፋቱ የኔ ነው?»

ቀይ ማልያ የለበሱት ይስቃሉ። ኮች ሎርን አይስቅም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ካናዳ ውስጥ አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት ያላሳለፈ ቀይ አይለብስም። «ዝም ብሎ የሚታደል ነገር አይደለም» ይልና ማልያዋን ወገቡ ላይ ይሸጉጣታል።

እዚህ ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ከተማ ያሉ ካናዳውያን በየዓመቱ ጁላይ አንድ፣ በአገራቸው ቀን፣ ትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ በዱላና በቴኒስ ኳስ ሆኪ ይጫወታሉ። ተጋጣሚዎቻቸው ኖርዌያውያን ሚስቶቻቸው፣ አማቾቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቴሳ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከዚህ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ሆስፒታል ነው፣ ከኖርዌያዊት እናት። አምስት ዓመት ሙሉ ቀዩን ለምናለች፣ አምስት ዓመት ሙሉ የኖርዌዮቹ በረኛ ሆናለች።

አባቷን ታየዋለች። ዋረን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ሲያስር ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር በላቸው እንጂ!»

«አዘጋጁ ሎርን ነው፣ የኔ ልጅ» ይላል ቀና ሳይል።

አባቷ እንዲህ ነው። ከሰው ጋር ከሚከራከር አውቶቡስ ቢያመልጠው ይመርጣል።

«ነይ ወዲህ፣ ከሃዲ!» ይላታል ሲንድሬ፣ የአክስቷ ልጅ፣ ሰማያዊ ማልያ እየወረወረላት። «እኛ እንወድሻለን። ደግሞ ሌላ በረኛ የለንም።»

ትለብሰዋለች። እሺ፣ ትላለች በሆዷ፤ እንግዲህ ስታገቡ አያለሁ።

ኳሷን በደረቷ ትመልሳለች፣ በጉልበቷ ትመልሳለች፣ አንዴም በጆሮዋ።

«በጆሮ ይቻላል እንዴ?» ይላል ሲንድሬ።

«ያንተ ጆሮ ቢሆንማ ግቡን በሙሉ ይሸፍን ነበር።»

ሁለት ለሁለት ናቸው። ቀጥሎ ያገባ ያሸንፋል። ኮች ሎርን ኳሷን እየነዳ ብቻውን ይመጣባታል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ የዱላው ፍጥነት ግን ገና የልጅ ነው። ቴሳ ጎንበስ ትላለች። ይቺን ብታድን ዓመቱን ሙሉ ታወራበታለች።

ያኔ ከትከሻው በላይ ታያታለች። አንዲት አረንጓዴ መኪና ከመንገዱ ታጥፋ ወደ ግቢው እየገባች ነው።

«መኪና!»

አላሰበችበትም፣ ከአፏ ወጣ። ቀያዮቹ በሙሉ ባንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ። ኮች ሎርን ኳሷን እዚያው ትቶ ይቆማል። ወዲያ ማዶ ዋረን የቀያዮቹን ግብ ከነመረቡ ወደ ዳር እየጎተተ ነው። ቴሳም ለጨዋታው ጀርባዋን ሰጥታ የራሷን ግብ ብረት ይዛለች።

ሲንድሬ ግን የተተወችውን ኳስ ያገኛል። ሜዳውን ብቻውን አቋርጦ ይሮጥና፣ ዋረን በሚጎትተው ግብ ውስጥ ይከታታል።

«ገባ! አሸነፍን!» ሰማያዊዎቹ ይጨፍራሉ።

«አልገባም!» ትጮኻለች ቴሳ፣ በገዛ ቡድኗ ላይ። «መኪና ተብሏል እኮ!»

«እና? መኪናዋ ገና እዚያ ናት!»

«መኪና ከተባለ ጨዋታ የለም። ሁሉም ይቆማል፣ ግቡ ይነሳል፣ መኪናው ያልፋል፣ ከዚያ ኳሷ ከነበረችበት ይጀመራል። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

«ማናችንም አናውቅም!» ይላል ሲንድሬ። «ቆይ፣ አንቺ የምትጫወቺው ለማን ነው?»

ቴሳ ልትመልስለት አፏን ትከፍትና ዙሪያዋን ታያለች። እውነትም ሰማያዊ ከለበሱት መሀል የሚያውቅ የለም። ቀይ ከለበሱት መሀል ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ካናዳ ውስጥ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ እየተጫወቱ ያደጉ ናቸው።

«ማን አስተማረሽ?» ይላል ኮች ሎርን ቀስ ብሎ።

«አባቴ። ደጃችን ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ።»

«የናንተ መንገድ መጨረሻው ዝግ አይደል? ምን መኪና ያልፍበታል?»

«ምንም። እሱ ዝም ብሎ ‹መኪና!› ይላል። ግቡን እናነሳለን። ዳር ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ‹አለፈ› ሲለኝ እንመልሰዋለን።»

ኮች ሎርን ወደ ዋረን ይዞራል። ዋረን ግቡን እንዳቀፈ እስከ ጆሮው ቀልቷል። የጫማው ክር እንደገና ተፈቷል፤ አሁን ግን አላጎነበሰም።

አረንጓዴዋ መኪና እየተንፏቀቀች ትደርሳለች። ቴሳ ብረቱን ለማንሳት ስትታገል ድንገት ይቀላታል። ሌላውን ጫፍ ኮች ሎርን ይዞታል። ተጋግዘው ዳር ያወጡታል። ሾፌሯ አሮጊት እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ቀያዮቹ ሁሉ መልሰው ያወዛውዛሉ፣ ቴሳም።

«አለፈች» ትላለች።

ግቡን ይመልሱታል። ኮች ሎርን ቀይዋን ማልያ ከወገቡ አውጥቶ ይዘረጋላታል። 

ቴሳ ትቀበላታለች። ሲንድሬንና ሰማያዊዎቹን ደግሞ ታያለች።

«አሁን ብለብሳት እነዚህ በረኛ የላቸውም» ትላለች። «መጀመሪያ ላሸንፍዎት፣ ከዚያ እለብሳታለሁ።»

«አቤት አፍ!» ይላል ኮች ሎርን፣ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኳሷ እየዞረ።

ማልያዋን ከጀርባዋ፣ የግቡ አግዳሚ ላይ ትሰቅላታለች። ኮች ሎርን ኳሷን ከነበረችበት፣ እዚያው ከፊቷ፣ ያስቀምጣታል። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል። ቀዩ እጅጌ ከኋላዋ ተነስቶ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል። ቴሳ ዞር አትልም፤ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ኳሷን ትጠብቃለች።